የጅግጅጋ መንገድና ሁለቱ ስሌቶች

ቀለምወርቅ ተወልዳ ያደገችው ጅግጅጋ ነው። ቅድመ አያቷ በወታደርነት መጥተው እዚያው ቀሩ፤ አያቷ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኑ፤ አባቷ አቶ አድማሱ ደግሞ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከመሪ ጀርባ አሳለፉ። አይሱዟቸውን ጭነው ወደ ቀብሪበያ፣ ሲቀናቸውም እስከ ሐርተሼክ ይወጣሉ፤ ሲመለሱ ፊታቸው አቧራ ለብሶ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። አቶ አድማሱ በሩቁ መንገድ ተማረው አያውቁም። ደማቸው የሚፈላው ከተማ ገብተው አደባባዩ ጋ ሲደርሱ ነበር። ባጃጁ፣ የውኃ ጋሪው፣ ሚኒባሱ፣ በግ የሚነዳው ሰው፣ ሁሉም አንድ ላይ ይገጥማቸዋል። ከሐርተሼክ እስከዚህ የነዳሁት ምንም አልመሰለኝ፣ ከዚህ ቤቴ መግባት ነው ያቃተኝ እያሉ እራት ላይ ሲያማርሩ ልጅቷ ትስቅ ነበር። ሳቁ ቀስ በቀስ ጥያቄ ሆነባት። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ሲቪል ምህንድስና ስታጠና ጓደኞቿ ስለ ድልድይና ስለ ፎቅ ሲያወሩ እሷ የምታስበው መኪና ለምን እንደሚቆም ነበር።

ተመርቃ በከተማው መንገድ ጥናት ክፍል ሥራ በያዘች በዓመቱ፣ በ2010 ሐምሌ መጨረሻ፣ ከተማው ታወከ። ሱቅ ተዘረፈ፣ ቤት ተቃጠለ፣ መጤ የተባለ ሰው በያለበት ተደበቀ። ከአጥራቸው ጀርባ የሚኖሩት ወይዘሮ ኒምኮ በጓሮ በኩል መጥተው እሷን፣ አባቷንና እናቷን ይዘው ወደ ጓዳቸው አስገቧቸው። ከዚያ ደጃቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። ለመጣው ሁሉ ከውስጥ ያሉት ቤተሰቦቼ ናቸው ብለው ይመልሱ ነበር፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ ከወንበሩም አልተነሡም። ነገሩ በረድ ሲል እነቀለምወርቅ ዘመድ ስለወተወታቸው ድሬዳዋ ወርደው ጥቂት ወራት ተቀመጡ። ከዚያ አንድ ቀን አቶ አድማሱ ቁርስ ላይ በቃኝ ቤቴ ልግባ አሉ፤ ተመለሱ። ወይዘሮ ኒምኮ ግቢያቸውን ሲያስጠርጉላቸው ነበር የከረሙት። ቀለምወርቅም ከዚያ በኋላ ኤዶ እንጂ ሌላ ስም ጠርታቸው አታውቅም። ኤዶ በሶማልኛ አክስት ማለት ነው።

በ2014 ዓ.ም. ከሐረር በኩል በካራማራ ወርዶ ከተማውን አቋርጦ ወደ ቶጎ ውጫሌና ወደ ቀብሪበያ የሚወጣው ዋና መንገድ ይስፋ የሚል ሐሳብ መጣ። መንገዱ ከሰፋ በሁለቱም ወገን ያሉት ሱቆች ይፈርሳሉ። ትግሉ የሚባለው የክፍሉ ኃላፊ ሰፊ መንገድ የሚወድ ሰው ነበር፤ ክፋት የለበትም፣ ከተማው ትልቅ ሆኖ እንዲታይ ይፈልግ ነበር። ጥናቱን ለቀለምወርቅ ሰጣት።

እንዲህ ያለ ጥናት ሁለት ዓይነት ስሌት ይፈልጋል። አንደኛው ከሩቅ ያያል። ከተሞቹን እንደ ነጥብ፣ መንገዶቹን እንደ ክር ቆጥሮ፣ ከብዙ ዓመት በኋላ ከየት ወደ የት ምን ያህል ሰውና ጭነት እንደሚንቀሳቀስ ይናገራል፤ የጉዞ ትንበያ የሚሉት እሱ ነው። ሁለተኛው ከቅርብ ያያል። አንዱን መንገድ ከነመጋጠሚያው ኮምፒውተር ላይ ይሠራና መኪኖቹን አንድ በአንድ ይነዳቸዋል፤ ባጃጁ ሲቆም፣ ከኋላው ያለው ፍሬን ሲይዝ፣ ወረፋው ሲረዝም በዓይን ይታያል። ይህን ሲሙሌሽን ይሉታል፤ ቀለምወርቅ አዲስ አበባ ሄዳ የሠለጠነችው በዚህ ነበር። ትንበያውን የሚሠሩት በክልሉ መሥሪያ ቤት ኢንጂነር ዐብዲጀባር የሚባሉ ጎምቱ ሰው ናቸው። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው በባጃጅ ቅርብ ነው፤ ሁለቱ ግን ተያይተው አያውቁም። የእሳቸው ቁጥር በደብዳቤ ይመጣል፣ እሷ ተቀብላ ትሠራለች፤ ልማዱ ይኸው ነበር።

ወሬው ከተማውን ለማዳረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ኤዶ ኒምኮ በዚያ መንገድ ላይ፣ የቀብሪበያው መንገድ ከሚገነጠልበት ጥግ፣ ሽቲ የሚሉትን ስስ የሴቶች ቀሚስና ጨርቅ የሚሸጡበት ሱቅ ነበራቸው። አንድ ቀን ቀለምወርቅ ከሥራ ስትመለስ አስቁመው ሱቃቸው ይፈርስ እንደሆነ ጠየቋት።

"ገና አላወቅሁም ኤዶ" አለቻቸው። "ሳውቅ ከሌላ ሰው አይሰሙም፣ ከእኔ ነው የሚሰሙት።"

በማግስቱ ትግሉ ቢሮ ገብታ በሩን ዘጋችና ሴትየዋ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳደረጉላቸው፣ ሱቃቸው የት እንዳለ ነገረችው። ሥራውን ለሌላ ሰው ብትሰጠው አልቀየምም አለችው። ትግሉ አገጩን ይዞ ትንሽ አሰበ። ሌላ ይህን የሚያውቅ ሰው የለኝም፣ ሥራውን አልነጥቅሽም፣ ግን የምትሠሪውን ከውጭ ሆኖ የሚያይልሽ ሰው ፈልጊ አላት። ይህ ሲነገራት ቅልል አላት። ሸክሙን የሚጋራት ሰው ካለ ዓይኗን ሳትሰብር መሥራት ትችላለች።

የትንበያውን ቁጥር ወደ ሲሙሌሽኑ ያስገባች ዕለት ኮምፒውተሩ ላይ ያለችው ጅግጅጋ ቆመች። መኪኖቹ ከአደባባዩ ጀምረው ወደ ኋላ ተሰለፉ፤ ሰልፉ ከከተማ ወጣ፤ ካራማራ ሥር ደረሰ፤ አሁንም አዲስ መኪና ከኋላ ይጨመራል። መንገዱን አስፍታ ሞከረች። ሰልፉ አጠረ እንጂ አልጠፋም፤ መጋጠሚያዎቹ ላይ ያው ነው። መጀመሪያ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብላ ሥራዋን ከሥሩ ፈተሸች። ቆይቶ የገባት ነገር የሚያስቅ ነበር። እነዚያ የኮምፒውተር ሾፌሮች ሰልፉን እያዩ ይመጣሉ፤ አንዳቸውም ሌላ መንገድ አይፈልጉም፣ አንዳቸውም ነገ እሄዳለሁ አይሉም። እንዲህ ያለ ሾፌር በምድር ላይ የለም። ቁጥሩን ይዛ ኢንጂነር ዐብዲጀባር ቢሮ ሄደች።

ኢንጂነሩ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺማቸውን ሂና የቀቡ ሰው ናቸው። በወተት የፈላ ሻይ አስመጡላት፤ ስኳሩ ብዙ ነበር። ያመጣችውን በትሕትና ሰሙ፤ ፊታቸው ግን ብዙም ደስ ያለው አይመስልም። ትንበያቸውን ለመሥራት ቶጎ ውጫሌ፣ ቀብሪበያና ሐርተሼክ ድረስ ሄደው ሾፌር ሲያናግሩ ነበር የከረሙት፤ አሁን አንዲት ወጣት መጥታ ቁጥርዎ መንገዴ ላይ አልገባም ትላቸዋለች።

"መንገድሽ ካልቻለው ይስፋ ማለት ነዋ" አሉ። "ሌላ ምን ትርጉም ይኖረዋል?"

"ቢሰፋም አልቻለውም ኢንጂነር። ደግሞ መንገድ ሲዘጋ ሰው ቆሞ አይጠብቅም፤ ሌላ መሄጃ ይፈልጋል። እኔ ጋ ያሉት መኪኖች ይህን አያውቁም፤ ከእርስዎ ነው የታዘዙት።"

ኢንጂነሩ ብርጭቆውን አንሥተው ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት።

"የእኔም አያውቅም" አሉ በመጨረሻ። "መጋጠሚያው ላይ ምን ያህል እንደሚዘገዩ ለትንበያዬ ነግሮት የሚያውቅ የለም። መንገዱ ክፍት ነው ብሎ ነው ሁሉንም በከተማው መሀል የሚነዳቸው።"

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተለወጠ። በዚያው ሳምንት ሁለቱ አደባባዩ ዳር ቆመው ትራፊኩን ለማየት ተቀጣጠሩ። ቀለምወርቅ በሥልጠናው እንደተማረችው ጠዋት፣ ሰው ሥራ በሚገባበት ሰዓት ይሁን አለች። ጠዋት ቆሙ። ባጃጅ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ተማሪዎች ያልፋሉ፤ መኪናው እንደልቡ ነው። ኢንጂነሩ ጥላ ይዘው ጥቂት ከቆዩ በኋላ የጫት መኪና የሚገባው መቼ እንደሆነ ዝግ ብለው ጠየቋት። ቀለምወርቅ እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀውን ነገር፣ ጅግጅጋ የምትጨናነቀው ጫቱ ሲደርስ መሆኑን፣ ኮምፒውተር ፊት ስትቀመጥ ረስታው ነበር። ሲሙሌሽኗ ሁሉ የተሠራው በጠዋቱ ትራፊክ ላይ ነው። ሁለቱም ሳቁ።

ከምሳ በኋላ ተመልሰው መጡ። የጫት መኪኖቹ ጥሩምባቸውን እየነፉ ከካራማራ በኩል ሲወርዱ መንገዱ ሁሉ ቦታ ለቀቀ፤ ባጃጆች ከየሰፈሩ ወጥተው ተከተሏቸው፤ ሻጮቹ ባዶ ጆንያ ይዘው ወደ መኪናው ሮጡ። አደባባዩ ባንድ አፍታ ተቆለፈ። በዚያ መሀል ከብት የጫኑ ትልልቅ መኪኖች ከቀብሪበያ በኩል ደርሰው ቆመዋል። ቀለምወርቅ አንዱን ሾፌር ወዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ወደ አዳማ ነበር። ቀጣዩም እንዲሁ፤ ከዚያ ኋላ ያለውም ከተማው ውስጥ ምንም ጉዳይ የለውም።

"እነዚህ እዚህ ምን ሊያደርጉ ይገባሉ?" አለች።

"የእኔ ካርታ ላይ ሌላ መንገድ የለማ" አሉ ኢንጂነሩ። ከከተማው በስተደቡብ የቀብሪበያውን መንገድ ከሐረሩ ጋር የሚያገናኝ ጠጠር መንገድ ነበር፤ ስለተበላሸ ብለው ከትንበያው አውጥተውታል። እንደዚያ ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ የማፈር ነገር ነበረበት። እሷም ጫቱን የረሳሁት እኔ ነኝ አለቻቸው።

ከዚያ ሁለቱን ስሌቶች ማገናኘት ተጀመረ። ትንበያው ስንት መኪና በየት በኩል እንደሚመጣ ይነግራታል፤ እሷ ከቀትር በኋላ ባለው ትራፊክ ላይ ታስኬደውና እያንዳንዱ መጋጠሚያ ምን ያህል እንደሚያዘገይ ትልክላቸዋለች፤ እሳቸው ያንን አስገብተው መኪኖቹን እንደገና በየመንገዱ ያከፋፍሏቸዋል። ኢንተርኔቱ ስለሚቆራረጥ ፍላሽ ይዛ በባጃጅ ትመላለስ ነበር። መጀመሪያ ነገሩ አስቸጋሪ ሆነ። የከተማው መሀል ተጨናንቋል ሲባል ትንበያው መኪናውን ሁሉ ወደ ደቡቡ መንገድ ሰደደው፤ ደቡቡ ተጨናነቀ። ያንን ሲሰማ ደግሞ ሁሉንም ወደ ከተማ መለሳቸው። እንደ ሚዛን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ። ትግሉ መጥቶ ሲያየው እነዚህ መኪኖች እንደ ባለሥልጣን ናቸው፣ ሁሉም ባንድ ላይ ነው የሚዞሩት ብሎ ሄደ።

ቀለምወርቅ ተስፋ ልትቆርጥ ስትል ኢንጂነር ዐብዲጀባር አንድ ነገር ነገሯት። ሰው አዲስ ወሬ ሲሰማ ባንዴ አያምንም፤ ግማሹ የትናንቱን ያስታውሳል። እኛም እንደዚያ እናድርገው፣ ከአዲሱ መዘግየት ግማሹን፣ ከድሮው ግማሹን እንውሰድ አሏት። ሞከሩት። መወዛወዙ በየዙሩ እየቀነሰ ሄደ፤ በመጨረሻ እሳቸው የሚተነብዩትና እሷ የምታየው ተቀራረበ። ያን ቀን እሳቸው ወንበራቸውን አዙረው ከእሷ ጋር ኮምፒውተሩን ተመለከቱ። ከብት የጫኑት መኪኖች በስተደቡብ ይዞራሉ፤ የጫቱ መኪና ይገባል፤ ባጃጆቹ ይግተለተላሉ፤ አደባባዩ ይጨናነቃል፣ ግን ይንቀሳቀሳል። መንገዱ አልሰፋም። የደቡቡ መንገድ አስፋልት ከሆነና ሦስት መጋጠሚያዎች ከተስተካከሉ ለብዙ ዓመት ይበቃል። ኢንጂነሩ በሶማልኛ አንድ ነገር አጉረመረሙ፤ ምስጋና ነበር።

ቀለምወርቅ ግን ደስታዋ ሙሉ አልሆነም። መስተካከል ካለባቸው መጋጠሚያዎች አንዱ የቀብሪበያው መገንጠያ ነው። ወደዚያ የሚታጠፉት መኪኖች ሌላውን እንዳይዘጉ አንድ ተጨማሪ መታጠፊያ ያስፈልጋል፤ መታጠፊያው ደግሞ የሚያርፈው ኤዶ ኒምኮ ሱቅ ፊት ላይ ነው። የመንገዱ ባለሱቅ ሁሉ ሊተርፍ የእሳቸው ግማሽ ሊሄድ ነው።

መታጠፊያውን በተቃራኒው ጥግ አድርጋ ሠራችው። እዚያ ሚኒባሶቹ የሚገቡበት የመናኸሪያ በር አለ። አንዴ ስታየው የሚሠራ መሰላት፤ ሲደጋገም ግን ሚኒባሶቹ በሩ ላይ እየቆሙ ሰልፉን መልሰው ወደ አደባባዩ ላኩት። ቁጥሩን ትንሽ ብትነካካው ይሠራል ሊያስብል እንደሚችል ታውቅ ነበር። እጇ መዳፊቱ ላይ እንዳለ ለረጅም ጊዜ ተቀመጠች። ከዚያ ሁለቱንም ምንም ሳትነካ፣ ምንም ማስታወሻ ሳትጽፍባቸው፣ ከውጭ ሆነው እንዲያዩላት ለኢንጂነሩ ወሰደችላቸው። አይተው የመጀመሪያው እንደሚሻል ለማንም ግልጽ ነው፣ ሁለተኛውን ለምን እንደሞከርሽው አልገባኝም አሏት። ነገረቻቸው። የሐምሌውንም፣ ወንበሩንም፣ ሱቁንም ነገረቻቸው። ሰምተው ሲጨርሱ ብትፈልግ ወደ ሴትየዋ አብረዋት ሊሄዱ እንደሚችሉ ገለጹላት። ብቻዬን ልሂድ አለች።

ኤዶ ኒምኮ ሽቲ እያጠፉ ነበር። ቀለምወርቅ ቁጭ ሳትል ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተናገረች። መንገዱ አይሰፋም፤ ሌሎቹ ሱቆች ይተርፋሉ፤ የእርስዎ የፊተኛው ክፍል ግን ይነሣል። ሌላውን ጥግ እንደሞከረችና እንዳልሆነ ጭምር አልደበቀችም። ሴትየዋ የያዙትን ጨርቅ አጥፈው ጨርሰው መደርደሪያው ላይ አስቀመጡት።

"እስከ የት ድረስ?" አሉ።

ወጥተው አብረው አዩ። ቀለምወርቅ በእግሯ መስመሩን አሳየቻቸው። ኤዶ ኒምኮ ከመስመሩ በስተኋላ ቆመው የሚቀረውን ቤት ተመለከቱ። ከዚያ ዞረው እሷን ተመለከቷት። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

"ያኔ ወደ ቤቴ የወሰድኳችሁ ብድር እንዲሆንባችሁ ብዬ አይደለም" አሉ። "ለእኔ ብለሽ ብታጣምሚው ኖሮ ነው የምቀየምሽ። አሁን ሥራ እናውራ። በሩን ወደ ጎን ብናዞረውስ?"

በጎን በኩል ያለው መተላለፊያ እግረኛ መሻገሪያ የሚሠራበት ነው፤ ወደ መናኸሪያው የሚሄደው ሰው ሁሉ በዚያ ያልፋል። ቀለምወርቅ ይህን ከሲሙሌሽኑ ታውቀው ነበርና ነገረቻቸው። ኤዶ ኒምኮ ፈገግ አሉ። ሱቁን ወደ ኋላ ለማስረዘም የሚሆን ትርፍ ቦታ እንዳለም አስታወሱ። ሻይ ሳያጠጡ አልለቀቋትም።

ጥናቱ ለከተማው ሰዎች ሲቀርብ አዳራሹ ባለሱቅ ሞልቶት ነበር። ቀለምወርቅ ሰፊውን መንገድ፣ ያልተነካውን መንገድና የእነሱን ሐሳብ አንድ በአንድ በትልቁ ስክሪን ላይ አሳየች። ሰው የራሱን ባጃጅ የሚፈልግ ይመስል አንገቱን እያሰገገ አየ። የጫቱ መኪና ሲገባ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አንድ የምክር ቤት ሰው ተነሥተው ከዐሥር ዓመት በኋላ እንዲህ እንደሚሆን እርግጠኛ ናችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ኢንጂነር ዐብዲጀባር ማይኩን ተቀበሉ።

"አይደለንም" አሉ። "እኔ በወጣትነቴ ሐርተሼክ ለነበሩት ስደተኞች ውኃ የሚያመላልሱ ቦቴዎችን እመራ ነበር። መንገዱ ሁልጊዜ እንዲሁ የሚጨናነቅ መስሎኝ ነበር። በኋላ ከተማ የሚያህለው ስደተኛ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ በመንገዱ ላይ የሚያልፍ መኪና ጠፋ። ስለዚህ የምለው፣ መጀመሪያ ቤት ሳናፈርስ የሚሠራውን እንሥራ። ማፍረስ ካስፈለገ ያኔም አይቀርም።"

ትግሉ በሰፊው መንገድ ሊከራከር እንደተዘጋጀ ቀለምወርቅ ታውቅ ነበር፤ ተነሥቶ ግን ሐሳቡን እደግፋለሁ ብቻ ብሎ ተቀመጠ። በኋላ ምን እንደለወጠው ስትጠይቀው፣ ሰፍቶም መቆሙን ሳይ ምን ልበል አላት።

ሥራው ተጓተተ። ሥራ ተቋራጩ አንዴ ሲሚንቶ፣ አንዴ ነዳጅ እያለ ቆመ፤ የደቡቡ መንገድ አስፋልት ሲለብስ ከታሰበው በጣም ዘግይቶ ነበር። ሁሉም ነገር እንደ ስሌቱ አልሆነም። የባጃጁ ብዛት ሁለቱም ከገመቱት በለጠ፤ አዲሱ መታጠፊያ ላይ ቆመው ሰው የሚጭኑትንም የሚገሥጽ አልተገኘም። የከብት መኪኖቹ ግን በስተደቡብ ዞሩ። ከቀትር በኋላ አደባባዩ ላይ ጭቅጭቁ ቀነሰ፤ ሰው ለምን እንደሆነ ሳያስተውል ቤቱ ቶሎ መግባት ጀመረ። ቀለምወርቅን ከሁሉ ደስ ያላት ይህ ያለማስተዋል ነበር። የኤዶ ኒምኮ ሱቅ ጠቦ ረዘመ፤ በጎን በኩል ለሽቲው መስቀያ የሚሆን መከለያ አወጡ።

በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ኢንጂነር ዐብዲጀባርና ቀለምወርቅ ለሌላ ጥናት አብረው አዲጋላ ሄዱ። ከጅግጅጋ ረጅም ጉዞ ነው፤ በድሬዳዋ ታልፎ ሞቃቱ ሜዳ ይገባል። አሮጌው ባቡር ጣቢያ ጎን ጥላ ያለበት ምግብ ቤት አግኝተው ሩዝና የፍየል ሥጋ አዘዙ። ኢንጂነሩ እየበሉ፣ ጡረታ መውጫቸው እንደደረሰና ለትንበያው ሥራ የእሷን ስም ለኃላፊዎቹ እንደሰጡ ነገሯት።

"ሲሙሌሽኑንስ ማን ይሠራል?" አለች።

"እሱንም አንቺ ነሽ።"

"እንግዲህ ከራሴ ጋር ልጣላ ነው።"

ኢንጂነሩ ሳቁና ሩዙን ወደ እሷ አስጠጉላት። እሳቸው ጡረታ ወጥተውም ቢሆን እየመጡ እንደሚያዩላት፣ ወተት የበዛበት ሻይ እስካለ ድረስ እንደማይቀሩ ተናገሩ። በልተው ሲጨርሱ እጃቸውን ታጥበው ወጡ። ከምግብ ቤቱ ማዶ ወደ ጅቡቲ የሚሄዱ ሾፌሮች መኪናቸው ሥር ምንጣፍ ዘርግተው ያርፉ ነበር። ኢንጂነሩ እንዲቀመጡ ወንበር ጠይቃላቸው፣ ቀለምወርቅ ራሷ ሰላምታ እያቀረበች ወደ ሾፌሮቹ ሄደች፤ ከየት እንደመጡ፣ ወዴት እንደሚሄዱ፣ ሌላ መንገድ ቢኖር በየት በኩል ይመርጡ እንደነበር ለመጠየቅ። ከመሀላቸው አንዱ ጠጋ ብሎ ምንጣፉ ላይ ቦታ ለቀቀላት።